በቅሎ መሰለችኝ

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ መኖራችሁን አምኜ ልጀምር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እንዲህ ያለ እምነት በማንም ላይ የማልጥልበት ዘመን ነበረኝ። ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ "አንባቢ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል" ብዬ ብዕሬን አስቀምጥ ነበር። ከዚያ በሽታ ያዳነኝ ጠበል አይደለም፣ ዱዓም አይደለም፤ በቅሎ ናት። እሷም ብትሆን ልታድነኝ አስባ አልነበረም።

መካነ ሰላም የሥነ ዜጋ መምህር ነበርኩ። በዚያ ዘመን መምህር የሆነ ሁሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ፍራሹን ጠቅልሎ ትምህርቱን ሊያሻሽል ይሄዳል፤ እኔም ሄድኩ። ከወሰድናቸው ኮርሶች አንዱ ፍልስፍና ነበር። አስተማሪው ሹራብ ከላዩ የማይወልቅ ቀጭን ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ገብቶ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ እርሳስ ከተተና "ምን ይታያችኋል?" አለን። "የተሰበረ እርሳስ" አልን። እርሳሱን አወጣው፤ ደህና ነው። "አሁን ዓይናችሁ ዋሽቷችኋል፤ እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደዋሻችሁ በምን ታውቃላችሁ?" አለንና ወጥቶ ሄደ። ሌሎቹ መምህራን ወደ ምሳ ሮጡ። እኔ ብርጭቆውን እያየሁ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ወዲያም ወዲህም ማለት የለም፤ ተያዝኩ። አሁን ሕልም እያየሁ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ? ከሩቅ ሰማያዊ የሆነው ተራራ ሲደርሱበት ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ ታዲያ የቱ ነው ተራራው? ትኩሳት የያዘው ሰው ማር ይመረዋል፤ የማሩን ጣዕም የሚያውቀው በሽተኛው ነው ወይስ ጤነኛው? ክረምቱ አልቆ ወደ አገሬ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ "ወረኢሉ ደረስን እኮ" ሲሉኝ "የደረስን ይመስላል" አልኳቸው። ሰውዬው ዕቃቸውን አቅፈው ወደ ሌላ ወንበር ተዛወሩ።

ባለቤቴ እናትነሽ የመጀመሪያው ቀን በናፍቆት ተቀበለችኝ። ሽሮ ሠርታ አቀረበችና "ጨው በዛበት እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ትዳር ያለው ሰው መሆኔን ረስቼ "የበዛበት መሰለኝ፤ ነገር ግን የበዛው ከሽሮው ይሁን ከምላሴ ማረጋገጥ አይቻልም" አልኳት። "እንግዲያው ሽሮውም የቀረበልህ መስሎህ ይሆናላ" አለችና ሰሃኑን አንስታ ወጣች። ሽሮው የመሰለኝ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አከራክሩኝ። ረሃቡ ግን የምር ነበር።

ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ። ስም ስጠራ "አቤት" የሚለኝን ተማሪ "ድምፅ መጥቷል፤ መኖርህ ግን ገና አልተረጋገጠም" እለው ጀመር። ተማሪ የሚጠቅመውን ነገር ለመያዝ ማን እንደ እሱ። ፈተና ስሰጥ "የፌዴራል ሥርዓትን ጥቅሞች አብራራ" ለሚለው ጥያቄ የክፍሉ እኩሌታ "ጥቅም ያለው ይመስላል፤ እርግጠኛ መሆን ግን ያስቸግራል" ብሎ ጻፈ። ዳይሬክተራችን ወረቀቶቹን ይዞ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። "አንተ ሰው፣ ይህን ወረዳ ቢያየው እኔም አንተም አለቀልን!" አለኝ። ወዲያው ግምገማ ተጠራ።

የዚያን ዘመን ግምገማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰው ሁሉ እየተነሳ ድክመትህን ይነግርሃል፣ አንተም በመጨረሻ ተነስተህ "ተቀብያለሁ" ትላለህ፤ ከዚያ ሁሉም ሻይ ሊጠጣ ይሄዳል። የእኔ ግን አላልቅ አለ።

"ድክመትህን ተቀብለሃል?" አለኝ ሰብሳቢው።

"የተቀበልኩ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል ብሎ ነገር የለም! ተቀብለሃል ወይስ አልተቀበልክም?"

"ውስጤን ስመለከት የመቀበል ስሜት ይታየኛል። ስሜቱ ራሱ ግን..."

ከኋላ የተቀመጠው የስፖርት መምህር "ኧረ ስለ አላህ ሻዩ ቀዘቀዘ!" ብሎ ጮኸ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ "የተቀበለ መሰለ" ተብሎ ተጻፈና ተበተንን።

እስካሁን የነገርኳችሁ የእኔን ሆድና የእኔን እንጀራ ብቻ የሚመለከት ነው፤ ማንም ላይ ጉዳት አላደረሰም። ነገሩ የከፋው እትየ ዘሀራን ሲነካ ነው።

እትየ ዘሀራ በአጥር የምንዋሰን ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ሰአዳ የምትባል፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ከሄደች ጀምሮ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሰአዳ መጀመሪያ ያጠራቀመችውን ልካ "እማ፣ ከእንግዲህ ገበያ በእግርሽ እንዳትሄጂ" አለችና በቅሎ አስገዛቻቸው። እሳቸውም በቅሎዋን ጅዳ ብለው ጠሯት። ጠዋት ጠዋት "ጅዳየ፣ ሰላም አደርሽ ወይ?" ሲሉ የሰማ እንግዳ ስልክ የሚያወሩ ይመስለው ነበር። ቅመም ነጋዴ ናቸው፤ በየገጠሩ ገበያ እየዞሩ ይሸጣሉ። ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ያለ ጅዳ የትም አይደርሱም። ጅዳ ከሌለች ገበያ የለም፤ ገበያ ከሌለ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም።

ጅዳ ዳማ በቅሎ ናት። ነጭ ነጠብጣብ እንኳ የላትም፤ ፈጣሪ ምልክት የሚባል ነገር ረስቶባታል። ጸባይዋ የበግ ነው። ሕፃን ይጎትታታል፣ ዶሮ ጀርባዋ ላይ ያድራል፣ ዝም ነው። በዓለም ላይ የምትጠላው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም እኔ ነኝ። ጥፋቱ ደግሞ የእሷ አይደለም።

አንድ ጊዜ ከላላ ወደሚባለው ወረዳ ሄጄ ፈተና እንዳስፈትን ተመደብኩ። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት መኪና ጠፋ። እትየ ዘሀራ "ጅዳን ውሰዳት፣ ልጄ፤ ብቻ መንገድ ላይ አትጨቃጨቃት" አሉኝ። በቅሎ የሚጨቃጨቅ ሰው የት አይተው እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። የመንገዱን እኩሌታ ሄደን ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ስንደርስ ጅዳ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊት ለፊታችን ቅጠልና ገለባ የሸፈነው ነገር አለ። ለእኔ መሬት ይመስላል፤ ለእሷ ጉድጓድ ይመስላታል። "ስሚ" አልኳት፤ አዎ፣ በቅሎ ላይ ተቀምጬ አስተማርኩ። "ጉድጓድ ስለታየሽ ብቻ ጉድጓድ አለ ማለት አይደለም። የስሜት ህዋሳት ያታልላሉ።" ተረከዜን ጎኗ ላይ ጫንኩ። አንገቷን አዙራ አየችኝ፤ ከዚያ ጀርባዋን አንድ ጊዜ አነሳችና ወደ ተከራከርንበት ቦታ ላከችኝ።

ጉድጓዱ ነበር።

ከጭቃው ወጥቼ በግራ በኩል እንደገና ልሳፈር ስጠጋ ግራ ትከሻዬን ነከሰችኝ። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ እሷ ከኋላዬ ባዶዋን እየተዝናናች መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በአጥሩ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አንገቷን በእንጨቱ መካከል አስገብታ ያችኑ ትከሻዬን ትፈልጋለች። ኮቴን ልብስ ሰፊው ብዙ ጊዜ ጣፈው። ወሬው ከተማውን አዳርሶ "መምህር፣ ጅዳ ሰላምታዋን አቀረበች ወይ?" የማይለኝ ሰው አልነበረም።

ታዲያ አንድ ጠዋት እትየ ዘሀራ "ያ አላህ! ያ አላህ!" እያሉ ሲጮሁ ሮጠን ደረስን። ገመዱ ተቆርጧል፤ ጅዳ የለችም። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ፈለገ። ሸሆቹ ዱዓ አደረጉ፤ እናትነሽ ለማርያም ጃንጥላ ተሳለች። እኔ ራሴ ገደል ለገደል ዞርኩ፤ ትከሻዬ ቢያርፍም ልቤ አላረፈም። እትየ ዘሀራ የቅመም ከረጢታቸውን ጥግ አስቀምጠው በር ላይ ይውሉ ጀመር። ከሁሉ የሚያሳዝነው ስልኩ ነው። ሞባይል አገራችን የገባበት ሰሞን ነበር፤ ኔትወርክ የሚገኘው በእኛና በእሳቸው አጥር መካከል ያለች አንዲት ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰአዳ ስትደውል እኛም ሳንወድ እንሰማለን።

"አብሽሪ፣ ደህና ነኝ! ጅዳም ደህና ናት! ገብስ በላች!" ይላሉ እየጮሁ። ከዚያ ከድንጋይዋ ወርደው ባዶውን ጉረኖ ያያሉ።

ቀናት አልፈው በገበያ ቀን፣ መካነ ሰላም ገበያ መሀል፣ አንድ ሰው ዳማ በቅሎ ሲስብ አየሁ። ጋማዋ ተከርክሟል፣ ጅራቷ አጥሯል፣ ልጓሙ ሌላ ነው። አስተያየቷ ግን የጅዳ ነው፤ ያንን ዓይነት ንቀት ከሌላ እንስሳ አይቼ አላውቅም። ማንም ልብ ያለው ሰው "ሌባ!" ብሎ ይጮሃል። እኔ ምን አደረግሁ? እጄን ኋላዬ አጣምሬ አሰብኩ። ሁለት የሚመሳሰሉ በቅሎዎች ሊኖሩ አይችሉም ወይ? ጅዳን የማየት ምኞቴ ዓይኔን አታልሎት ቢሆንስ? እንዲህ እያልኩ ሰውየው በቅሎዋን ይዞ ከፊቴ አለፈ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ምሳ ላይም ለእናትነሽ "ዛሬ ጅዳን የምትመስል ነገር ዓይኔ ላይ መጣች" አልኳት።

ጭልፋው ከእጇ ወደቀ። "ምን አልክ?" አለችኝ። የደገምኩት ለአየሩ ነው፤ እሷ በነጠላ ጫማ አጥር ዘላ እትየ ዘሀራ ቤት ደርሳለች። እትየ ዘሀራ በዚያ ጉልበታቸው ከእናትነሽ ቀድመው ገበያው ጫፍ ላይ ሰውየውን ያዙት። ኡኡ ተባለ፤ ፖሊስ መጣ፤ በቅሎዋ ቀበሌው ግቢ ታሰረች፤ ነገሩ ለማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተላለፈ።

ሰውየው ሙሄ የሚባል ከብት ነጋዴ ነው። "ከውርንጭላነቷ ጀምሬ ያሳደግኋት በቅሎየ ናት" አለ። እትየ ዘሀራ ምስክር ሲቆጥሩ ሙሄ "ዘመዷ ነው፣ አልቀበልም" እያለ ሁሉንም ጣላቸው። እውነቱን ነው። በእኛ ሰፈር ከእትየ ዘሀራ ጋር በጋብቻም በጡትም ያልተዛመደው እኔና የመብራት ምሰሶው ብቻ ነን። ስለዚህ ሁለቱም ወገን በእኔ ተስማሙ። ሙሄ እንዲያውም "የሥነ ዜጋ መምህር አይዋሽም፤ ይምጣ" አለ።

ከችሎቱ በፊት እትየ ዘሀራ ቤታችን መጡ። ልቀመጥ አላሉም፤ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ልጄ፣ ነገ ያየኸውን ትናገራለህ አይደል?"

"እትየ፣ እሱ ላይ ነው ችግሩ። ዓይን እኮ..."

"እናትነሽ ነግራኛለች፤ ዓይን ይዋሻል አሉ። እሽ ይዋሽ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰአዳ ስትደውል ጆሮየ ውስጥ ንፋስ ይነፍሳል፣ ይንኳኳል፣ ሌላ ሰው ባረብኛ ያወራል። ከዚያ መሀል 'እማ' የሚል ይመጣል። ከሄደች ዓይኗን አላየሁትም። አንተ እንደምትለው ከሆነ እኔ ልጅ የለኝም ማለት ነው?"

ለዚህ ጥያቄ ኮርሱ ላይ የተማርነው መልስ ነበረኝ፤ ከነተራ ቁጥሩ አስታውሰው ነበር። አፌ ውስጥ መጥቶ ቆመና መልሼ ዋጥኩት። እኚህን ሴትዮ ፊት ለፊት እያየሁ ያንን ብናገር ምላሴ ይቆረጥ ነበር። በጣም አፈርኩ። "አለዎት፣ እትየ። ነገም እመሰክራለሁ" አልኳቸው።

በነጋታው ቀበሌው ግቢ ጢም ብሏል። ዳኞቹ ሰብሳቢያቸውን ሸህ ይመርን መሀል አድርገው ተቀመጡ። ሸህ ይመር የከተማውን እኩሌታ ቁርኣን ያስቀሩ፣ ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ሰውም እሳቸውን ለመስማት ትንፋሹን ይይዛል። እኔ የተጣፈውን ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ልቤ ቆርጧል፤ "የእትየ ዘሀራ በቅሎ ናት" ብዬ ልቀመጥ ነው።

ሸህ ይመር ጠየቁ፦ "መምህር፣ ውጭ የታሰረችውን በቅሎ ያለ አንዳች ጥርጥር ታውቃታለህ?"

ባይሉት ምን ነበረበት! "ያለ አንዳች ጥርጥር" ሲሉኝ ያ ብርጭቆ፣ ያ እርሳስ፣ ያ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ በአንድ ጊዜ ፊቴ ድቅን አሉ። አፌ ከእኔ ተነጥሎ ሥራውን ጀመረ።

"በቅሎ መሰለችኝ" አልኩ።

እናትነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"በቅሎ መሆኗንማ እኛም አውቀናል" አሉ ሸህ ይመር። "የማን ናት?"

"የእትየ ዘሀራን በቅሎ ትመስላለች። መምሰልና መሆን ግን... አላህ ያውቃል።"

የመጨረሻዋን ቃል የጨመርኳት ማምለጫ ትሁነኝ ብዬ ነው። እኛ ወሎዎች ክርስቲያኑም እስላሙም የጨነቀን ጊዜ የምንሸሸግባት ቃል ናት። እሷ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣች። ከሕዝቡ መሀል ሽማግሌዎች ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር። "ማሻ አላህ! ፈጣሪውን የሚፈራ ልጅ ነው" አሉ። "ባላወቀው አይምልም!" ስፈራገጥ ጻድቅ ሆኜ አረፍኩት። ሙሄ በደስታ ሊስመኝ ምንም አልቀረው፤ "ምስክር ማለት እንዲህ ነው!" እያለ ይዞራል። እትየ ዘሀራ ግን አልተቆጡም፣ አልጮሁም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው ተቀመጡ። ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

ሸህ ይመር እጃቸውን ሲያነሱ ሰው ዝም አለ። "መምህር፣ አላህ ያውቃል ማለት ጥሩ ነው። የኛ ታላላቆችም ይሏት ነበር። ነገር ግን የሚሏት ፍርዱን፣ ፈትዋውን ከሰጡ በኋላ ነው እንጂ በፈትዋው ፈንታ አይደለም" አሉኝ። ሳቅ ሆነ። እሳቸው አልሳቁም። "ተነሱ፣ በቅሎዋ ዘንድ እንሂድ፤ ቀርበህ እያት።"

ወጣን። ጅዳ ከባሕር ዛፉ ሥር ታስራ ገለባ ታኝካለች። እትየ ዘሀራ "ጅዳየ!" ሲሉ ጆሮዋን አቆመች። ሙሄ "ለጠራት ሁሉ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ጸባየ ሸጋ ናት!" አለና አንገቷን ደባበሰ፤ ዝም አለች። አንዱ ዳኛ ጥርሷን ገልጠው አዩ፤ ዝም አለች። የቀበሌው ሚሊሻ በሆዷ ሥር አለፈ፤ ዝም አለች። ሙሄም ነገሩ የሰመረለት መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ "እኔ ነኝ ያሳደግኋት! ከተወለደች ማንንም ነክሳ አታውቅም!" አለ።

ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ልብስ ሰፊው ነበር።

እኔ ምንም ሳላስብ ቀረብኩ። ጅዳ ማኘኳን አቆመች። አንገቷን ቀስ ብላ አዞረችና አየችኝ። እኔ እሷን ለማወቅ ገበያ ካየኋት ጀምሮ ስጠራጠር ከረምኩ፤ እሷ እኔን ለማወቅ አንድ ዓይን በቃት። ግራ ትከሻዬን ግጥም አድርጋ ያዘችው።

የጮህኩት ጩኸት ገበያው ድረስ ተሰምቷል አሉ። ሚሊሻውና እናትነሽ ጎትተው አስለቀቁኝ። ሸህ ይመር ቀረብ ብለው ኮቴን አዩ፤ ጣታቸውን በልብስ ሰፊው ጥፎች ላይ አንድ በአንድ አሳለፉ። አሮጌው ጥፍ ከአዲሱ ንክሻ ጋር ገጠመ።

ሙሄ ደንግጦ "ኮቱ ነው! ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል፤ እሱን ጠልታ ነው!" አለ።

"ይቻላል" አሉ ሸህ ይመር። "እንየው።" ኮቴን አስወልቀው ለሚሊሻው አለበሱት። ሚሊሻው ጠመንጃውን ለሰው ሰጥቶ "ቢስሚላህ" እያለ በግራ ትከሻው ተጠጋት። ጅዳ ኮቱን አሸተተችና ወደ ገለባዋ ተመለሰች። "አሁን አንተ ያለ ኮት" አሉኝ።

"ሸህ ይመር፣ ይቅርብኝ" አልኩ።

"ለምን? የምትነክስህ ይመስልሃል?"

"ትነክሰኛለች!"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ!" አልኩ። ያንን ቃል ከክረምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ያወጣሁት ያን ቀን ነው። ሕዝቡ ግን አይቶ ካልሆነ አላምንም አለ፤ የእኔ በሽታ ወደ አገሬው ተላልፎ ኖሯል። በሸሚዜ ተጠጋሁ። ጅዳም አላሳፈረችኝም፤ ኮት የሌለበትን ያንኑ ትከሻ፣ ያንኑ ቦታ ያዘችው።

መሬት ላይ ተቀምጬ ትከሻዬን ሳሽ ሸህ ይመር ጎንበስ ብለው በዚያ በቀስታ ድምፃቸው ጠየቁኝ፦ "መምህር፣ ችሎቱ ይመዘግበዋል፤ አመመህ ወይስ ያመመህ መሰለህ?"

"ወላሂ አመመኝ!" ብዬ ጮህኩ። አንገቴ ላይ ማተብ አለ፤ ነገር ግን ንክሻው ሲያንገበግብ ቃል አይመረጥም።

"በቅሎዋ የማን ናት?"

"የእትየ ዘሀራ ናት! ጅዳ ናት! አውቃታለሁ፣ ታውቀኛለች!"

ሸህ ይመር ቀና አሉና ወደ ሙሄ ዞሩ። "ከውርንጭላነቷ አንተ ዘንድ ካደገች መምህሩን የት አገኘችው?" ሙሄ በቅሎዋን ከማያውቀው ሰው፣ ያለ ዋስ፣ መንገድ ላይ እንደገዛት ተናገረ። ያለ ዋስ ከብት የገዛ ሰው በእኛ አገር ከሌባው እኩል እንደሚቆጠር ታውቃላችሁ፤ ፖሊስ ቀሪውን ሊጠይቀው ወሰደው። ጅዳ ለእትየ ዘሀራ ተፈረደች። ሰው እልል ሲል እኔም አብሬ እልል አልኩ፤ በግራ እጄ ግን ማጨብጨብ አልቻልኩም።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ እትየ ዘሀራ ጅዳን እየሳቡ ከፊት፣ እኔና እናትነሽ ከኋላ ነበርን፤ ለምን ከኋላ እንደሆነ ይገባችኋል። አጥሩ ጋ ስንደርስ ስልካቸው ጮኸ። ድንጋይዋ ላይ ወጡ። ሁሉንም እየጮሁ ለሰአዳ ነገሯት፤ የጅዳን መጥፋት፣ መገኘቷን፣ ንክሻውን። ሲጨርሱ "ምስክሩ ይኸውልሽ" ብለው ስልኩን ሰጡኝ። እሳቸው ወርደው ጅዳን አንገቷን አቀፏት፤ እኔ ድንጋይዋ ላይ ወጣሁ።

ጆሮዬ ውስጥ ነፋስ ነፈሰ፣ ተንኳኳ፣ አንድ ሰው ባረብኛ ተናገረ። ከዚያ መሀል የሴት ልጅ ድምፅ መጣ። እሷን አይቻት አላውቅም፤ እኔ ወደ ሰፈሩ ሳልመጣ ነው የሄደችው። ሰአዳ መሆኗን አንዴም አልተጠራጠርኩም።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "እማ በቅሎዋ ጠፍታ ሳለ 'ደህና ናት' ትለኝ ነበር። አሁን ምኗን ልመን? እማ ራሷ ደህና ናት? እውነቱን ንገረኝ። አይተሃታል?"

ዞር ብዬ አየኋቸው። እትየ ዘሀራ ጉንጫቸውን ጅዳ አንገት ላይ አስደግፈው፣ ነጠላቸው ወድቆ፣ ያለ ድምፅ ይስቃሉ። ጅዳ በእሳቸው ትከሻ ላይ አንገቷን አስረዝማ ወደ እኔ እየመጣች ነው፤ ጥርሷ ይታየኛል። ከድንጋይዋ ብወርድ ኔትወርኩ ይቋረጣል። ንቅንቅ አላልኩም።

"ደህና ናቸው" አልኳት። "በዓይኔ በብረቱ እያየኋቸው ነው።"